የልብ በር ላስለወጡ ሰዎች ስለሚያሰጋው የረጋ ደም

በካርቱም፥ ከዐማራት ሠፈር በስተደቡብ በሶባ፥ ኢመርጀንሲ የተባለው የኢጣልያ ድርጅት በ1999 ዓ.ም. የሰላምን የልብ ቀዶ ሕክምና ማእከል ከፍቶ፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጭምር ለመጡ ሕሙማን ያለ ዋጋ የልብ በር ሲለውጥ ቆይቷል።

ሰው ሠራሽ በር ግን ደም ያረጋል። የረጋው ደም ከበሩ ተላቆ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንጎል ወጥቶ ሰውን ሽባ ያደርጋል፤ አልፎ አልፎም ልብን ራሱን የሚመግበውን ሥር፥ ወይም የኩላሊትንና የእግርን ሥር ይዘጋል። ይህ ብርቅ ስለ ሆነ የጎን ውጋት ወይም የእግር መቀዝቀዝ ከልብ በር የመጣ ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዋርፋሪን የሚባለው ክኒን ዕድሜ ልክ ይዋጣል። አይ ኤን አር የተባለው የደም ልክ በጤነኛ ሰው 1 ገደማ ሲሆን፥ ለእነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል፤ ቢያንስ ደሙ ይረጋል፥ ቢበዛ ይፈሳል። ጎመንን እንኳ አንድ ሳምንት አብዝቶ በሌላው መተው ልኩን ያናጋዋል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው ከተማውን ለቆ ወጥቷል። በሩን ያስለወጠ ስደተኛ በደረሰበት ስፍራ ከሁሉ አስቀድሞ የሕክምና ወረቀቱን ለሐኪም ያሳይ፤ ክኒኑም አይቋረጥበት። አፉ ድንገት ቢጣመም፥ ደረቱን ቢወጋው ወይም እግሩ ቢቀዘቅዝ፥ ሳይነጋ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።