የጥበብ ሰው በጥበቡ እንዲኖር

ልጃቸው ሥዕል ወይም ሙዚቃ ለመማር በፈለገ ጊዜ የብዙ አባቶችና እናቶች ልብ በሁለት ይከፈላል። የተሰጠውን ጸጋ አይተው ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን «ነገ በምን ይኖራል?» የሚለው ሐሳብ ደስታቸውን ይወስደዋል። እኛም ይህን ፍርሃት ከንቱ ነው ብለን አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ መድኀኒቱ ልጁን ከጥበቡ መከልከል አይደለም፤ ጥበቡን የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ በጥበቡ እንዴት እንደሚተዳደርበትም ጨምሮ ሊያስተምረው ይገባል እንላለን።

ለዚህ ነገር የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የዊልያም ሆጋርዝ ታሪክ ምስክር ይሆነናል። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው። አባቱ ሪቻርድ ሆጋርዝ የላቲን መምህርና የትምህርት መጻሕፍት ደራሲ ነበር። በዕውቀቱ ለመኖር አስቦ ሰዎች በላቲን ቋንቋ የሚነጋገሩበት ቡና ቤት በሎንዶን ከተማ ከፈተ፤ ንግዱ ግን ስላልሆነለት በዕዳ ተይዞ ፍሊት በሚባለው ወህኒ ቤት ዓመታት አሳለፈ። ዊልያም በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርና፣ የንግድ ዘዴ የጐደለው ዕውቀት ቤተ ሰብን ወዴት እንደሚያደርስ በገዛ ቤቱ አየ።

ካደገም በኋላ በብር ዕቃ ላይ ጌጥ ከሚቀርጽ ባለሙያ ዘንድ ሠለጠነ፤ ቀጥሎም ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ በወረቀት እያተመ መሸጥ ጀመረ። በ1732 ስድስት ክፍል ያለውን ሥራውን ባወጣ ጊዜ አንድ ባለጸጋ እስኪያዘው አልጠበቀም። ገዥዎች አስቀድመው ስማቸውን እያስመዘገቡ፣ ቀብድም እየከፈሉ፣ ሥራው ለብዙ ሰው ተሸጠ። ወዲያው ግን ሌሎች ሥዕሉን እየገለበጡ በርካሽ ዋጋ ይሸጡት ጀመር። ሆጋርዝም ከሙያ ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ለፓርላማ አቤት አለ፤ በ1735 የወጣውም ሕግ እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለ14 ዓመት ማንም እንዳይገለብጠው ከለከለ። ሆጋርዝ ስምንት ክፍል ያለውን ተከታዩን ሥራ ሕጉ እስኪጸና ድረስ ሳያወጣ ቈየ። እርሱ በ1764 ሞተ፤ በ1767 ፓርላማው ለሚስቱ ለወይዘሮ ጄን በባሏ ሥራዎች ላይ የ20 ዓመት መብት ሰጣት። እርሷም ሥዕሎቹን እየሸጠች ኖረች።

ሆጋርዝ ይህን ሁሉ የተማረው በመከራ ነው። ዛሬ ግን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ፈጣሪነት ትምህርት ለኪነ ጥበብ ተማሪዎች ይሰጣሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዚህ የሚሆን መርሐ ግብር በ1996 አቋቁሟል። ይህ ትምህርት በቃል ብቻ የሚያዝ አይደለም። ተማሪው ራሱ አዳራሽ ይከራይ፤ ወጪውን ይቍጠር፤ የመግቢያውን ዋጋ ይወስን፤ ቲኬቱንም ይሽጥ። ከከሰረም በመምህሩ ፊት በጥቂት ገንዘብ መክሰሩ፣ ኋላ በቤተ ሰቡ ፊት በብዙ ገንዘብ ከመክሰር ይሻለዋል።

ዋጋ መተመን ብቻ እንኳ ትልቅ ትምህርት ነው። አንድ ወጣት ሠዓሊ ለሸራና ለቀለም 3,000 ብር አወጣ እንበል። ሥዕሉን በ9,000 ብር ቢሸጠው 6,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን 20 ቀን ደክሞበታል፤ የቀኑን ድካም በ400 ብር ብናስበው 8,000 ብር ነው፤ የሥራ ቤቱም ኪራይ 2,000 ብር ይደርሳል እንበል። እንግዲህ የሥራው ወጪ 13,000 ብር ስለ ሆነ፣ ትርፍ ያለው 4,000 ብር ጐድሎበታል ማለት ነው። እንዲሁም ውልን አንብቦ መፈረምን፣ የመብትንም ሕግ ማወቅ ያስፈልገዋል። በአገራችን የቅጂ መብት ዐዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን ሕጉ መኖሩን የማያውቅ ደራሲ ወይም ዘፋኝ በምን ይጠቀምበታል?

አንዳንድ መምህራን ንግድ ጥበብን ያረክሳል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ምክንያት አለው፤ ተማሪው «ምን ይሸጣል?» የሚለውን ብቻ መጠየቅ ከጀመረ እጁ ሳይበስል ይቀራልና። ስለዚህ አስቀድሞ በሙያው ይብሰል፤ ንግዱንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ በጥበባቸው ኖረው ካሳዩ ሰዎች ይማር። ገንዘብ ጥበብን ሊያሳድግ እንደሚችል ግን የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ያስረዳናል። በ1947 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የማዕድን ምሕንድስና ይማር ዘንድ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ በዚያም ወደ ሥዕል ትምህርት ዞረ። በ1954 በአዲስ አበባ ባደረገው የመጀመሪያ ትርኢቱ ባገኘው ገንዘብ ወደ ኤውሮጳ ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በመስተዋት ላይ የሚሠራውንም ሥዕል ተማረ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ሜትር ካሬ የሚሆነው የመስተዋት ሥዕል የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ወደ ጥበብ ትምህርት ስትልኩ ትምህርት ቤቱን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ሙያውን ማን ያስተምረዋል? በሙያውስ መኖርን ማን ያሳየዋል? ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ እንደ ሆነ፣ ልጁን ከበር ከመመለስ ይልቅ ትምህርቱ እንዲጨመር ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር መነጋገር ይበልጣል።