«አላማረልኝም» ብላችሁ ቴዲ ቤሩን ከመጣላችሁ በፊት

ጨርቁ ተቆርጧል፣ ጭንቅላቱ ተሰፍቷል፣ ጥጡም ገብቷል። ሁለቱን ዓይኖች አስቀምጣችሁ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ስታዩት ግን ድብ ሳይሆን የተናደደ አይጥ ይመስላል። ያሰባችሁት ሌላ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሌላ። ከዛ ያ የለመዳችሁት ሐሳብ ይመጣል፦ «ድሮም እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም።» ድቡ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ፌስታሉ አልጋ ሥር ይገባል፣ በቃ እዛው ይቀራል።

አሻንጉሊት በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል። ጨርቁ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ እንቅልፍም ታጥቶበታል። ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ከዛ በኋላ የራሱን ንድፍ መሞከር ያቆማል። ወይ የሰው ፓተርን ብቻ እየገለበጠ ይኖራል፣ ወይ ጨርሶ ይተወዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? እስኪ ከራሱ ከቴዲ ቤር ታሪክ እንጀምር። ምክንያቱም ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ድብም በአንድ ሙከራ የወጣ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ድብ ምን ገጠመው?

ማርጋሬት ሽታይፍ በ1847 ጊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደች። ገና የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ሳለች ፖሊዮ ይዟት እግሮቿ ሽባ ሆኑ፣ ቀኝ እጇም እንደ ልብ አይታዘዝላትም ነበር። እንደዛም ሆና ስፌት ተማረች። በ1880 ከአንድ የፋሽን መጽሔት ላይ ባገኘችው ፓተርን፣ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሰፋች። ዝሆኑ የታሰበው ለመርፌ መሰኪያ ነበር፣ ልጆች ግን መጫወቻ አደረጉት። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ሥራ የተጀመረው በሰው ፓተርን ነው። ስለዚህ በሰው ፓተርን መጀመር አያሳፍርም። የራስ ንድፍ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ድቡን የነደፈው የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ ሽታይፍ ነው። ሪቻርድ ሽቱትጋርት ውስጥ ወደ መካነ አራዊት እየሄደ ድቦችን በእርሳስ ይስል ነበር። በ1902 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ሠራ፤ መጠሪያው «55 ፒቢ»፣ 55ቱ መጠኑ በሳንቲሜትር ነው። አክስቱ ማርጋሬት ራሷ መጀመሪያ ላይ ተጠራጥራ እንደነበር ይነገራል። በ1903 ላይፕዚግ በተካሄደው የአሻንጉሊት ንግድ ትርኢት ላይ ሲቀርብም ብዙ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። ኩባንያው እንደሚተርከው፣ ትርኢቱ ሊያልቅ ሲል አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ መጥቶ 3,000 ድብ አዘዘ።

ትእዛዙ ከመጣ በኋላስ? ሪቻርድ «አበቃ» አላለም። የመጀመሪያው ድብ እጅና እግር ከሰውነቱ ጋር የተያያዘው በገመድ ነበር፣ ገመድ ደግሞ ይላላል። ቀጥሎ የብረት ዘንግ ሞከረ። ከዛ ክብ ዲስክ ወዳለው መገጣጠሚያ ሄደ፣ ድቡም እያነሰና እየቀለለ መጣ። ከመጀመሪያው 55 ፒቢ ዛሬ አንድ እንኳን መትረፉ አይታወቅም። በ1907 ግን ፋብሪካው በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 974,000 የሚጠጉ ድቦችን አመረተ።

«ቴዲ» የሚለው ስም ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ነው። በ1902 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም አሉ፣ ይሄም በጋዜጣ ካርቱን ተሳለ። ብሩክሊን ውስጥ የከረሜላ ሱቅ የነበራቸው ሮዝና ሞሪስ ሚችተም የተባሉ ባልና ሚስት ይሄን አይተው ድብ ሰፍተው መስኮታቸው ላይ አስቀመጡ፣ በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስምም ጠሩት። ሲጀምሩ ፋብሪካ አልነበራቸውም።

«የሚያምር ፊት» የመጣው በስንት ዓመት ነው?

በ1985 ሮበርት ሃይንድና ባርደን የተባሉ ተመራማሪዎች በካምብሪጅ ለእይታ የቀረቡ የተለያየ ዘመን ቴዲ ቤሮችን ፊት ለኩ። ያገኙት ነገር ደስ ይላል። የጥንቶቹ ድቦች ግንባራቸው ዝቅ ያለ፣ አፍንጫቸው ረዘም ያለ፣ እውነተኛ ድብ የሚመስሉ ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግንባሩ እየሰፋ፣ አፍንጫው እያጠረ፣ ፊቱ የሕፃን ፊት እየመሰለ መጣ።

ይሄ ለእኛ ምን ይነግረናል? ዛሬ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ የምትቀኑበት ያ የሚያምር ፊት የአንድ ሰው ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰዎች በብዙ ዓመታት ትንሽ ትንሽ እያስተካከሉ የደረሱበት ነው። እናንተ ደግሞ የመጀመሪያ ሙከራችሁን ከዛ ጋር ነው የምታወዳድሩት። ፍርዱ ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ ጥርጣሬው ሲመጣ ምን እናድርግ?

1. «አልችልም»ን ወደ «የቱ ጋ ነው?» ቀይሩት። «አስቀያሚ ነው» የሚል ሐሳብ ምንም አያሠራም። «አፍንጫው ረዘመ»፣ «ዓይኖቹ ተቀራረቡ»፣ «ግራ ጉንጩ አበጠ» የሚል ግን ያሠራል። ወረቀት አውጡና ያላማራችሁን ነገር በቦታው ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገር አይበልጥም። ያኔ ጥርጣሬው ስለ እናንተ መሆኑ ቀርቶ ስለ ጨርቁ ይሆናል።

2. መጀመሪያ በአቡጀዲ ስፉት። ብዙ ፍርሃት የሚመጣው ውድ ጨርቅ እንዳይበላሽ ከመስጋት ነው። ፓተርኑን በርካሽ አቡጀዲ ወይም በቤት ባለ ብጣሽ ጨርቅ ሞክሩት። አቡጀዲ ጸጉር ስለሌለው ድቡ ቀጠን ብሎ ይታያል፣ አትደንግጡ። የምታዩት ቅርጹን ነው። ማስተካከያውን በእስክሪብቶ እዛው ጨርቁ ላይ ጻፉበት። ቀጥሎ ጸጉራሙን ጨርቅ ስትቆርጡ ከጀርባው በኩል፣ በመቀስ ጫፍ፣ ጸጉሩን ሳትነኩ ቁረጡ። ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ መሳልም አትርሱ፣ አለበለዚያ ሁለት ግራ እጅ ያለው ድብ ይወጣል።

3. ዓይኑን ከመስፋታችሁ በፊት በእስፒል ፈትኑት። ጥቁር ራስ ያላቸው ሁለት እስፒሎች ይበቃሉ። ከፍ አድርጉ፣ ዝቅ አድርጉ፣ አራርቁ፣ አቀራርቡ፣ እያንዳንዱንም ፎቶ አንሱ። ግማሽ ሳንቲሜትር ፊቱን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። ዓይን ወደ ታች ሲወርድና ትንሽ ሲራራቅ ግንባሩ ይሰፋል፣ ፊቱም የልጅ ይሆናል። ያ «የተናደደ አይጥ» ብዙ ጊዜ የሚድነው እዚህ ጋ ነው። ጆሮውንም እንደዚሁ። (እስፒሎቹን ግን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ።)

4. አሳድሩት። ለሰዓታት ያፈጠጣችሁበትን ነገር በትክክል ማየት አትችሉም። ፎቶ አንስታችሁ ተኙ፣ ጠዋት ፎቶውን ግራና ቀኝ ገልብጣችሁ እዩት። በመስታወት ብታዩትም ያው ነው። የተጣመመው ወዲያው ይታያችኋል። ፊቱ ከተጣመመ ደግሞ ችግሩ ሁልጊዜ ንድፉ አይደለም፣ ጥጡ በአንድ በኩል በዝቶ ሊሆን ይችላል። አውጥታችሁ ከአፍንጫው ጀምራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሙሉት።

5. ይሉኝታ የሌለውን ጠይቁ። ዘመድ ጓደኛውን «ያምራል?» ብትሉት «በጣም! ጎበዝ!» ነው የሚላችሁ። በይሉኝታ ነው፣ እናንተም በልባችሁ አታምኑትም። ይልቅ «ይሄ ድብ ምን ዓይነት ጠባይ ያለው ይመስልሃል?» በሉት። «የተኮሳተረ»፣ «እንቅልፍ የመጣበት»፣ «ዓይናፋር» ካላችሁ ጥሩ መረጃ አገኛችሁ። ልጅ ካለ ደግሞ ምንም ሳትሉ አጠገቡ አስቀምጡትና የሚያደርገውን ተመልከቱ። የጎረቤት ልጅ ድቡን አንገቱን ይዞ እየጎተተ ከሄደ፣ ከዛ የበለጠ ምስክር የለም።

አንድ ጥርጣሬ ግን ችላ አትበሉ፣ እሱም ስለ ደኅንነት የሚነሳው ነው። ድቡ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከሆነ የመስታወት ዓይን ወይም ቁልፍ አትጠቀሙ፣ ተነቅሎ ሊያንቅ ይችላል። ዓይኑን በክር ጥለፉት። ስፌቱንም ጎትታችሁ ፈትኑ። «ይሄ ይበጠስ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ የጥሩ ሠሪ ጥርጣሬ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ድብ አይድንም። አንዳንዱ መማሪያ ሆኖ ይቀራል። እሱንም አትጣሉት፣ ቀንና ቁጥር ጻፉበትና አስቀምጡት። አራተኛውን ስትሠሩ ከአንደኛው አጠገብ አስቀምጣችሁ እዩት፤ ያኔ «ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚለው ሐሳብ መልሱን ከፊቱ ያገኛል።

እስከዛው አልጋ ሥር ያለውን ፌስታል አውጡት። ሁለት እስፒል ያዙና ዓይኖቹን ግማሽ ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጉ። ከዛ ራቅ ብላችሁ እንደገና እዩት።