ያልተጻፈው አሃድና ያልተገፋበት ጥርጣሬ

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ናሳ የማርስን የአየር ንብረት እንድታጠና የላካት መንኮራኩር ከፕላኔቷ ጀርባ ተሰወረች፤ ዳግመኛም ምልክቷ አልተሰማም። ከማርስ ገጽ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እንድታልፍ ታቅዶ ሳለ፣ እስከ 57 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላ እንደነበር ኋላ በስሌት ተደረሰበት።

የአደጋው መንስኤ ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በምድር ላይ የነበረ አንድ ሶፍትዌር የመንኮራኩሯን ትንንሽ ሞተሮች ኢምፐልስ፣ ማለትም የኃይልንና የጊዜን ብዜት፣ በፓውንድ-ሰከንድ ያሰላ ነበር፤ ቁጥሩን የተቀበለው ወገን ግን ኒውተን-ሰከንድ ነው ብሎ ተጠቀመበት። አንድ ፓውንድ ኃይል 4.45 ኒውተን ያህል ስለሆነ የእያንዳንዱ ግፊት ውጤት በዚሁ መጠን አንሶ ተገመተ። አንዱ ግፊት ብቻውን ኢምንት ነው፤ ለወራት ሲደማመር ግን መንገድ አሳተ። (አሃድ ባለመጻፉ ነጥብ የተቀነሰበት ተማሪ ቅር ሲለው ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።)

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው የታሪኩ ገጽ ነው። ጉዞውን የሚከታተሉት ባለሙያዎች ቁጥሮቹ እርስ በርስ እንደማይስማሙ ከወራት በፊት አስተውለው ነበር። ጥርጣሬያቸውን በኢሜይል ገለጹ፤ ነገሩ ግን በይፋ ተመዝግቦ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አልተገፋበትም። መርማሪ ቦርዱም በቡድኖቹ መካከል የነበረውን የመረጃ ልውውጥ ድክመት ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል።

የተጠራጠረ ሰው ጥርጣሬውን እስከ መጨረሻው እንዲገፋበት የሚያደርገው ምንድን ነው? የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ሲያጠኑ፣ ጥሩ ቡድኖች ጥቂት ስሕተት እንደሚኖራቸው ጠብቀው ነበር። የተመዘገበው ቁጥር ተቃራኒውን አሳየ። ነገሩ ሲመረመር ልዩነቱ ከመሳሳት ይልቅ ስሕተትን ካለመደበቅ የመጣ መሆኑ ታየ። መንኮራኩሯ በጠፋችበት በዚያው በ1999 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ሁኔታ ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት አሉት፤ መጠየቅ፣ አላውቅም ማለት፣ ስሕተትን ማመን እንደማያዋርድ የቡድኑ አባላት በጋራ ማመናቸው ማለት ነው።

በሶፍትዌር ሥራ ዝምታ የከፋ ጉዳት ያመጣል። የተሰነጠቀ ድልድይ ለዓይን ይታያል፤ የተሳሳተ ፕሮግራም ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል፣ ቁጥርም ይሰጣል። ጉድለቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ምናልባት የቡድኑ ታናሽ ነው።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር፣ በጻፍሁት የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተለዋውጦ አገኘሁ፤ ያውም ውጤቱ ለቡድኑ ከቀረበ በኋላ። ይሉኝታ ይዞኝ ሁለት ቀን ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ስናገር አማካሪዬ አልተቈጡም፤ «ይህን ዓይነት ስሕተት የሚይዝ ምን ፍተሻ እንጨምር?» ሲሉ ብቻ ጠየቁኝ። ዛሬ ብዙ የሶፍትዌር ቡድኖች ከብልሽት በኋላ የሚያካሂዱት ግምገማም እንዲሁ ነው፤ ማን አጠፋ ከማለት ይልቅ አሠራሩ ስሕተቱን እንዴት አሳለፈው ብለው ይመረምራሉ። ይህ ልልነት አይደለም። ኮዱ በጥብቅ ይፈተሻል፤ የጻፈው ሰው ክብር ግን ለፍተሻ አይቀርብም።

በክፍሌ «ጥያቄ አለ?» ስል አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ይመልስልኛል። በቅርቡ አንድ ተማሪ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ «መምህር፣ ይህ ቀመር በአሃዱ አይገጥምም» አለኝ፤ ልክ ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በሁሉም ፊት እንዲደግመው ለመንሁት። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ተናገረ፤ እኔም ሰሌዳውን አጥፍቼ እንደገና ጻፍሁ።