«ፀሐይ» ስንል «ጸሀይ» ለምን አትገኝም?

አቃቂ ቃሊቲ ላለ የመኪና መለዋወጫ መደብር በጃንጎ (በፓይተን የድረ ገጽ ማዕቀፍ) ድረ ገጽ ስሠራ ያስቸገረኝ የደንበኛ ስም ፍለጋ ነበር። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ደንበኛ «ጸሀይ» ሲባል አትገኝም። ለጆሯችን አንድ ድምፅ ነው፤ በዩኒኮድ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ጸ እና ፀ የተለያየ ቁጥር አላቸው።

ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጡ፤ ይህን በፍጹም አትንኩ። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ዓምድ ጨምሩ። በፓይተን «ትራንስሌት» ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ለውጡ። «ሃ»ንም ወደ «ሀ» መመለስ አትርሱ። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ወንፊት ይለፍ።

ቀን ላይ ደግሞ፦ የፓይተን «ዴትታይም» 13ኛ ወር፣ ጳጉሜን፣ አያውቅም። ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጡና ለተጠቃሚው ስታሳዩ ወደ ኢትዮጵያው አቆጣጠር ቀይሩ።