ስለ ቤት ሰርቨርና ስለ ቅጂ አጠባበቅ

የቤት ሰርቨር የሚባለው መሣሪያ ስሙ ለጆሮ ቢከብድም ግብሩ የቀለለ ነው፤ ይኸውም መዓልትና ሌሊት ሳይጠፋ በአንድ የቤት ጥግ ተቀምጦ፣ ከራውተሩ ጋራ በኬብል ተያይዞ፣ የቤተ ሰቡ ስልኮችና ላፕቶፖች የሚልኩለትን ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮና ሰነድ ተቀብሎ የሚያኖር፣ በተጠየቀም ጊዜ መልሶ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከተሰናዳ በኋላ ስክሪንም ኪቦርድም አያሻውም፤ ባለቤቱ የሚያዘው ከሌላ ኮምፒዩተር ወይም ከስልኩ ሆኖ ነው። ይህን መሣሪያ በቤቱ ለማቆም ያሰበ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ከጫፉ ይጀምርና «ስንት ቴራባይት ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን በቤቱ ካሉት ፋይሎች ቢጠፋ ምትክ የማይገኝለት የትኛው ነው የሚለው ነበር። ፊልምና ዘፈን ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል፤ የልጅ ክርስትና ፎቶግራፍ፣ ያረፈ አባት በስልክ የተቀዳ ድምፅ፣ የቤት ካርታ ስካን፣ ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ከጠፉ ወዲያ ገንዘብ አይመልሳቸውም። እነዚህም ቢቈጠሩ እንደሚፈራው ብዙ ስፍራ አይዙም፤ አንዱ የስልክ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን 50,000 ፎቶግራፍ ከ200 ጊጋባይት አያልፍምና፣ ቪዲዮ ማንሣት ለማያበዛ ቤተ ሰብ 2 ቴራባይት፣ ለሚያበዛው ደግሞ 4 ቴራባይት ብዙ ዓመት ያስኬዳል።

ዲስኩ ተገዝቶ በተገጠመ ዕለት በገዢና በሻጭ መካከል ጠብ የሚያስነሣ አንድ ነገር አለ። 1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠው ዲስክ በዊንዶውስ ሲታይ 931 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ሲቈጥር ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ስለሚቈጥር የመጣ ልዩነት ነውና ሻጩ በዚህ አይወቀስም። የሚወቀሰው 16 ቴራባይት የሚል ጽሕፈት የተለጠፈበትን የኪስ ኤክስተርናል ዲስክ በጥቂት ገንዘብ የሚሸጠው ነው፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ሆኖ ሳለ ትልቅ መስሎ እንዲታይ የተሠራ ስለሆነ፣ ስፍራው ባለቀ ጊዜ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ እየደረበ ይጽፋል። የአሮጌው ፋይል ስም በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ የለም።

ስለ መሣሪያው ምርጫ፣ እንደ ሲኖሎጂና እንደ ኪውናፕ ያሉት የታይዋን ኩባንያዎች ዲስክ ብቻ የሚጨመርበት የተሰናዳ ሳጥን ይሸጣሉ፤ ራሱን ማድከም ለማይፈልግ ሰው መልካም ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ቢበላሽም መለዋወጫው በቅርብ አይገኝም። ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ በመቈጠብ የሚወዳደራት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ትልልቅ ዲስኮችን የምትይዘው አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ ገመድ ስለሆነ፣ ገመዱ በተነካ ቍጥር ዲስኩ ሊለያት ይችላልና ለመማሪያ እንጂ ለማኅደርነት አልመርጣትም። እኔ የምመክረው ከመሥሪያ ቤት የወጣ፣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም እንደ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያለ፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ገዢው ግን ከመክፈሉ በፊት ክዳኑን አስከፍቶ፣ ሁለት ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች የሚቀመጡበት ስፍራ መኖሩን በዐይኑ ይይ፤ መጽሐፍ የምታህለው ሚኒ የተባለችው ዓይነት ይህ ስፍራ የላትምና። እንዲህ ያለው ማሽን 30 ዋት እየወሰደ ወሩን ሙሉ ቢሠራ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይቈጥራል።

ዲስኩም ዓይነት አለው። ኤስኤምአር በተባለው አሠራር የተሠራው ዲስክ መረጃ የሚጻፍባቸውን መስመሮች እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ እያደራረበ ስለሚጽፍ፣ ስፍራ ቢያተርፍም፣ አንዱን መስመር ለማረም ጎረቤቶቹን እንደገና መጻፍ ግድ ይሆንበትና ሥራ ሲበዛበት እጅግ ያዘግማል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለሰርቨር ብሎ ሬድ (ቀይ) በሚል ስም በሚሸጣቸው ዲስኮች በአንዳንዶቹ ውስጥ ይህን አሠራር ሳያስታውቅ ማስገባቱ ተገልጦ ብዙ ገዢዎችን አስቈጥቷል፤ እንግዲህ የሞዴሉን ቍጥር እዚያው ሱቁ ውስጥ በስልክ ፈልጎ፣ ዲስኩ መስመሮቹን የማያደራርበው ሲኤምአር መሆኑን አረጋግጦ መግዛት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስፍራ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለት ዲስኮች ገዝቶ አንዱን ለሌላው መስተዋት ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ሥርዓት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ሬይድ በሚል ስም ከታወቁት አንዱ ሲሆን፣ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ ጥቅሙም እስከዚህ ድረስ ነው። ሕፃን ልጅ በስልክ ሲጫወት የሰረዘው አልበም ከሁለቱም በአንዲት ቅጽበት ይሰረዛል፤ ፋይል ቈልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ሁለቱንም ይቈልፋል፤ ሌባም ሳጥኑን ሲያነሣ ሁለቱን አንሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ መስተዋት ያለው ሰው ባክአፕ አለኝ ብሎ አይተኛ፤ ባክአፕ የሚባለው ከመጀመሪያው የተለየ፣ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

ይህንንም በአገራችን በብራና መጻሕፍት ረገድ ቀድመው አድርገውታል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉ መጻሕፍት በፊልም ሲነሡ፣ መጽሐፉ በዕቃ ቤቱ ቀረ፤ ፊልሙ በአዲስ አበባ ተቀመጠ፤ ሌላው የፊልሙ ቅጂ ደግሞ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቤኔዲክታውያን መነኮሳት ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ በዚያም ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዓመት ካታሎግ ሲያዘጋጁለት ኖሩ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ 3-2-1 ብሎ ለዲጂታል ዘመን የደነገገው ሕግ፣ ይኸውም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱም ከቤት ውጭ የሚለው፣ በዚያ ሥራ ስሙ ሳይጠራ ተፈጽሞ ይገኛል።

በእኛ ከተሞች ሰርቨርን ከቫይረስ ይልቅ የሚጎዳው የመብራት ነገር ነው። ዲስኩ ሲጽፍ ሳለ ኤሌክትሪክ በድንገት ቢቋረጥ በራም ላይ ቆይቶ ወደ ዲስኩ ሊወርድ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ቮልቴጁ ከ220 አልፎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የሰርቨሩ አካል ተደርጎ ይገዛ፤ ሲገዛም የዩኤስቢ ገመድ ያለው ይመረጥ። በዚህች ገመድ አማካይነት ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከባትሪው ጋራ ይነጋገራል፤ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ሰርቨሩ ትእዛዝ ይደርሰውና በእጁ ያለውን ጽፎ፣ ፋይሎቹን ዘግቶ፣ ዲስኮቹን አሳርፎ በሥርዓት ይጠፋል። ማን ቤት እንዳለ፣ ሌሊት ይሁን ቀን፣ አያስጨንቅም። ባዮስ በተባለው የማሽኑ ማስነሻ ቅንብር ውስጥ ደግሞ ኃይል ሲመለስ ራሱን እንዲያስነሣ ማዘዝ ይቻላል። የዩፒኤሱ ባትሪ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ስለሚደክም፣ ባዶ ሳጥን ሆኖ እንዳይቀር መለወጥ ይገባዋል።

ሶፍትዌሩ ብዙ አያስቸግርም። ኦፕንሚዲያቮልት ለደካማ ማሽን ይቀላል፤ ትሩናስ 8 ጊጋባይት ራም ቢጠይቅም በውስጡ ያለው ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ለጻፈው ሁሉ የማመሳከሪያ ድምር እየያዘ፣ ሲያነብም እያመሳከረ፣ አንዱ ዲስክ በስውር ያበላሸውን ከመስተዋቱ አምጥቶ ያርማል። ስናፕሾት የሚባለውም፣ የትናንቱን ሁኔታ እንደነበረ የሚያቆየው ችሎታ፣ በሕፃኑ የተሰረዘውን አልበም በደቂቃ ይመልሳል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ከውጭ ሆኜ ልክፈተው ብሎ የራውተሩን በር ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት ሆነው የተገኙ ብዙ የኪውናፕ ሳጥኖችን ቈልፏል፤ ከውጭ መግባት የግድ ያስፈለገው ሰው እንደ ዋየርጋርድ ባለ፣ የተመሰጠረ መንገድ በሚከፍት ቪፒኤን ይግባ።

የቀረው ከቤት ውጭ የሚኖረው ቅጂ ነው። 1 ቴራባይት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ቢጫን ሳያቋርጥ ከ18 ቀን በላይ ይፈጃልና፣ የመጀመሪያው ቅጂ እቤት በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ በይለፍ ቃል ተመስጥሮ፣ በእጅ ቢወሰድ ይሻላል፤ እኅት በሌላ ሰፈር ብትኖር ወደ እርሷ፣ ወንድም በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ቢኖር በመንገደኛ እጅ ወደ እርሱ። በእነርሱም ቤት ሰርቨር ካለ፣ ከዚያ ወዲያ አርሲንክን የመሰለ ፕሮግራም የተለወጠውን ብቻ እየለየ ስለሚልክ ቀጭኑም መስመር ይበቃዋል። ከሌላቸው ደግሞ ሁለት ዲስክ ይኑርና በፋሲካና በመስቀል እየተለዋወጠ ይሂድ።

የተመሰጠረ ዲስክ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ከሌለ ለወራሾቹ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉና የአከፋፈቱ ተራ በጥሩ እጅ ጽሕፈት በወረቀት ተጽፎ፣ ከቤቱ ካርታና ከኑዛዜው ጋራ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ፤ በዓመትም አንድ ቀን ባለቤቱ እጁን ሳይሰነዝር ተቀምጦ፣ ሚስቱ ወይም ልጁ ወረቀቱን ብቻ እያነበቡ ከውጭ ከመጣው ቅጂ ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው ይክፈቱ። መክፈት ካቃታቸው ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ።