ልጆቻችን ሲጠይቁን

መቼም በእኛ ዘንድ ስለ ጾታና ስለ ወሲብ መነጋገር ነውር ሆኖ ኖሯል። እዚህ ግን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጥያቄ ይዘው ሲመጡ መልስ ያጥረናል። ወዳጅ ዘመድ እንዳንጠይቅ ወሬው ይቀድመናል።

ፓርክዴል ለሚኖር መላው ቅርብ ነው፤ በኲን ስትሪት ዌስት ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። ካርዱ ለቶሮንቶ ነዋሪ ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ መጽሐፍ ላዘገየም መቀጫ የለም። «ለምን ፈለጉት?» የሚል አይኖርም።

ስለ አገራችን የተጻፈውን ሲፈልጉ «ጀንደር» በሚለው ቃል ብቻ አይወሰኑ፤ ሴት፣ ጋብቻ፣ ቤተሰብ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከኢትዮጵያ ስም ጋር ያጣምሩ። ደራሲዎቻችንን በራሳቸውም በአባታቸውም ስም ይፈልጉ፤ «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ያውቃሉ። ሔለን ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ መንዝ ሴቶች ያሳተሙትን የመሰለ መጽሐፍ ከጠፋ፣ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሊመጣ ስለሚችል ሠራተኞቹን ያማክሩ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ታሪክ ለሚሹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው «አርካይቭስ» የተባለው መዝገብ ቤት በኢዛቤላ ስትሪት አለ።

ልጅዎ ሲጠይቅ ከመቆጣት «እኔም አላውቅም፤ ና አብረን እንፈልግ» ማለት ይሻላል።