የጨዋታ ስርዓተ ክወና

የጨዋታ ስርዓተ ክወና ኮምፒዩተር ሲበራ በቀጥታ ወደ ጨዋታዎች ዝርዝር እንዲገባ ተደርጎ የተዘጋጀ ስርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ነው። ለቢሮ ሥራ የሚያስፈልጉ ብዙ ፕሮግራሞች ከጀርባ ስለማይሠሩ ሜሞሪውና ፕሮሰሰሩ ለጨዋታው ይተርፋሉ። ዛሬ በነፃ የሚገኙት አብዛኞቹ በሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ታሪክ

ኮምፒዩተርን ለጨዋታ ብቻ ማሰናዳት የተጀመረው በዶስ ዘመን ነው። ዶስ ለፕሮግራሞች የሚሰጠው መደበኛ ሜሞሪ 640 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ተጫዋቾች ለአንድ ጨዋታ ብቻ የሚሆን ማስነሻ ፍሎፒ ያዘጋጁ ነበር፤ በዚያ ፍሎፒ ሲነሳ የማያስፈልጉ ድራይቨሮች አይጫኑም።

ፕሌይስቴሽንና መሰሎቹም የራሳቸው የጨዋታ ስርዓት አላቸው። የፕሌይስቴሽን 4 ስርዓት የተሠራው ከፍሪቢኤስዲ ነው።

ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስቲም ኦኤስን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በዴቢያን ሊኑክስ ላይ መሥርቶ ለሙከራ አወጣ። በወቅቱ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ስለነበሩ ብዙም አልተስፋፋም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሮቶን ሲወጣ ግን ይህ ችግር በእጅጉ ቀነሰ። በ2022 ለገበያ የቀረበው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ ኮምፒዩተር በአርች ሊኑክስ ላይ የተመሠረተውን ስቲም ኦኤስ 3ን ይዞ ወጣ።

አሠራር

ፕሮቶን እ.ኤ.አ. በ1993 ከተጀመረው ዋይን ከተባለው ፕሮግራም የተሠራ ነው። ጨዋታው ከዊንዶውስ የሚጠይቀውን አገልግሎት ሊኑክስ ወደሚያውቀው ይቀይራል፤ የዳይሬክትኤክስ የሥዕል ትእዛዞችን ደግሞ ወደ ቩልካን ይተረጉማል። ስለዚህ የቩልካን ድጋፍ በሌለው አሮጌ የግራፊክስ ካርድ ላይ አዳዲስ ጨዋታዎች በአብዛኛው አይሠሩም።

በስቲም ኦኤስ ላይ ዋናው የስርዓቱ ክፍል በሁለት ቅጂ ይቀመጣል። ማሻሻያ የሚጫነው በሥራ ላይ ባልሆነው ቅጂ ላይ ነው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ በቀድሞው ቅጂ ሊነሳ ይችላል። ባዛይትም የቀድሞውን እትም ስለሚያስቀር ሲበራ ከሚታየው ዝርዝር መርጦ ወደ እሱ መመለስ ይቻላል።

ዓይነቶች

- ስቲም ኦኤስ፦ በዋናነት ለስቲም ዴክና ኤኤምዲ ግራፊክስ ላላቸው ማሽኖች የተዘጋጀ ነው።
- ባዛይት፦ በፌዶራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ለተለያዩ ላፕቶፖችና ዴስክቶፖች ይሆናል።
- ባቶሴራ፦ ለቆዩ የኮንሶል ጨዋታዎች የተሠራ ነው። ከፍላሽ ላይ ስለሚነሳ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ዊንዶውስ አይነካም።
- ላካ፦ እንደ ባቶሴራ ለቆዩ ጨዋታዎች የሚሆን፣ በትናንሽ ኮምፒዩተሮችም ላይ የሚሠራ ነው።

አጫጫን

1. በመጀመሪያ ፎቶ፣ ሰነድና ሌሎች ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። በጭነት ጊዜ «ሙሉውን ዲስክ አጥፋ» የሚለው ምርጫ ከተነካ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።
2. የስርዓቱ ፋይል ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ይወርዳል። ፋይሉ ሲወርድ እንዳልተበላሸ ለማወቅ የማረጋገጫ ቁጥሩ በገጹ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል።
3. ፋይሉ እንደ ሩፈስ ወይም ኤቸር ባለ ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይጻፋል። እንዲሁ መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ፍላሹ ላይ የነበረውም ይጠፋል።
4. ኮምፒዩተሩ ሲበራ የማስነሻ ምርጫ ይከፈታል። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኤስኬፕ ነው።
5. ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ለአዲሱ ስርዓት የተለየ ዲስክ ቢጠቀም ይሻላል። ቢትሎከር የተከፈተ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት በዳባትና በደባርቅ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ ታስቦበት መዘጋጀት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ጨዋታው አብሮ እንዳይቆም የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

የስርዓቱ ፋይል ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ስለሚችል የተሻለ መስመር ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ ያው ፍላሽ ለብዙ ኮምፒዩተሮች ያገለግላል። ስቲም ደግሞ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለን ጨዋታ በአንድ ኔትወርክ ላይ ወዳለ ሌላ ኮምፒዩተር መገልበጥ ስለሚችል ዳታው ሁለት ጊዜ አይከፈልበትም። ያለ ኢንተርኔት ለመጫወት አካውንቱ አስቀድሞ መግባት፣ እያንዳንዱ ጨዋታም መስመር ሳለ ቢያንስ አንድ ጊዜ መከፈት አለበት። ይህ ሳይደረግ ኢንተርኔት ከጠፋ የተገዛው ጨዋታ በዲስኩ ላይ እያለ ላይከፈት ይችላል። ባቶሴራና ላካ አካውንት አይጠይቁም።

በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ጭነቱን ያለ ዩፒኤስ መጀመር አይመከርም። ከላይ የተጠቀሰው የሁለት ቅጂ ጥበቃ የሚሠራው ስርዓቱ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ነው።

ገደቦች

ማጭበርበርን የሚከላከሉ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሊኑክስን አይቀበሉም። በዚህ ምክንያት ፎርትናይት፣ ቫሎራንትና ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 በእነዚህ ስርዓቶች ላይ አይሠሩም። ስለዚህ የእግር ኳስ ጨዋታ ለመጫወት ብሎ ዊንዶውስን የሚያጠፋ ሰው የሚፈልገው ጨዋታ መሥራቱን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

ባቶሴራና ላካ የንግድ ጨዋታዎችን ይዘው አይመጡም፤ የጨዋታዎቹ የቅጂ መብት የባለቤቶቻቸው ነው። ስቲም የአማርኛ ገጽታ የለውም። ሆኖም የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፣ ፊደሉ በተጫነበት የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ አማርኛ ማንበብም መጻፍም ይቻላል።